ጆንያ ተሸካሚው ጆ፦ የአንድ አነጻጻሪ ገጸ ባሕርይ ታሪክ

በተውኔት ጥበብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት አንድ ብልሃት አለ። ደራሲው የዋናውን ባለታሪክ ጠባይና ዕድል አጉልቶ ለማሳየት ሲፈልግ ከጎኑ ሌላ ሰው ያቆምለታል። ዋናው ሲሮጥ ይህኛው ይቀመጣል፤ ዋናው ሲያፈቅር፣ ሲከብር፣ ሲወድቅና ሲነሣ ይህኛው በነበረበት ይገኛል። ሚዜ ለሙሽራ እንደሚቆም ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሚዜ በተራው የራሱን ሰርግ መደገስ ሲችል ለዚህኛው ግን ደራሲው ሰርግ ያልመደበለት መሆኑ ነው። ይህን ዓይነቱን ሰው በዚህ ጽሑፍ አነጻጻሪ ገጸ ባሕርይ እንለዋለን። የቲያትር መምህራን ስለ እርሱ ሲናገሩ ዘወትር የጥበብ ጉዳይ አድርገው ያቀርቡታል። ነገር ግን አነጻጻሪው ጥቁር፣ ዋናው ባለታሪክ ነጭ፣ መድረኩም የአሜሪካ መድረክ ሲሆን ጉዳዩ ከጥበብ አልፎ የታሪክ ጥያቄ ይሆናል። ታሪክ እንዲኖረው የተፈቀደለት ማን ነው? የሌላው ታሪክ ማድመቂያ ሆኖ እንዲቀር የተፈረደበትስ ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ «ሾው ቦት» ከተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ኤድና ፈርበር በ1926 ካሳተመችው ልብ ወለድ ተወስዶ፣ ድርሰቱንና ግጥሙን ኦስካር ሃመርስታይን፣ ዜማውን ጀሮም ከርን የሠሩት ይህ ተውኔት በኒውዮርክ ከተማ በዚግፊልድ ቲያትር ዲሴምበር 27 ቀን 1927 ተከፈተ፤ 572 ጊዜም ታየ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ሙዚቃዊ ተውኔት ማለት በአብዛኛው ቀልድና ጭፈራ፣ የቆነጃጅት ሰልፍና የሀብታም መዝናኛ ነበር። «ሾው ቦት» ግን የዘር መድልዎን፣ ቁማርን፣ ስካርንና የፈረሰ ትዳርን መድረክ ላይ አወጣ፤ ጥቁርና ነጭ ዘማሪዎችንም በአንድ መጋረጃ ሥር አቆመ። ይህን ለደራሲዎቹ ሳይመሰክሩ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረች ቲያትር የምታሳይ «የጥጥ አበባ» የምትባል መርከብ አለች። የካፒቴኑ ልጅ ማግኖሊያ፣ ራቨናል የተባለውን መልከ መልካም ቁማርተኛ ወድዳ ታገባለች፤ ወደ ቺካጎ ይሄዳሉ፤ ሀብቱ ያልቃል፤ ባል ጥሏት ይጠፋል፤ እርሷ ዘፋኝ ሆና ትከብራለች፤ ልጃቸው ኪም አድጋ የእናቷን ሙያ ትይዛለች፤ በስተርጅናም ባልና ሚስቱ እንደገና ይገናኛሉ። መጋረጃው ሲከፈት ዘመኑ የ1880ዎቹ ማብቂያ ነው፤ ሲዘጋ ደግሞ 1927 ደርሷል። አርባ ዓመት መሆኑ ነው።

ጆ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጆ በመርከቢቱ የሚሠራ ጥቁር ተሸካሚ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ የኩዊኒ ባል ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ትንሽ ቦታ የነበረው ሰው ነው፤ ሃመርስታይን ግን የተበታተነውን ታሪክ አንድ ላይ የሚሰፋ ክር ሲፈልግ ወንዙን አገኘ፤ ወንዙንም የሚናገርለት አፍ ሲፈልግ ጆን አገኘ። ማግኖሊያ ከራቨናል ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝታ ልቧ ሲመታ ስለ ሰውየው የምትጠይቀው ጆን ነው። ጆ እንደዚያ ያሉ ሰዎች በወንዙ ዳር ብዙ ማየቱን ነግሯት፣ ይልቅስ ወንዙን ጠይቂው፣ ሁሉን የሚያውቅ እርሱ ነው ይላታል። ልጅቷ ሄደች፤ እርሱ ብቻውን ቀረ፤ «ኦል ማን ሪቨር» የተባለው ዘፈን ያን ጊዜ ተጀመረ። የዘፈኑ አሳብ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ሰው ይሸከማል፣ ይለፋል፣ ይታሰራል፤ ወንዙ ግን ይህን ሁሉ እያወቀ ምንም ሳይናገር ይፈስሳል። በእኛ ቋንቋ የዚህ ዓይነቱ ዜማ ስም አለው፤ እንጉርጉሮ ይባላል።

የተውኔቱ አሠራር ምን ያህል በማነጻጸር ላይ የቆመ መሆኑን ለማየት የመክፈቻውን ትዕይንት ብቻ መመልከት ይበቃል። መጋረጃው እንደተነሣ በናቼዝ ወደብ ጥቁር ሠራተኞች የጥጥ ሸክም እየተሸከሙ ይዘፍናሉ፤ የጥጥ አበባ ማለት ለእነርሱ የሚጎብጡበት ጭነት ነው። ጥቂት ቆይተው የከተማው ነጮች፣ ወንዶችና ልጃገረዶች፣ ለብሰው አጊጠው ይመጣሉ፤ እነርሱም የጥጥ አበባን ይዘፍናሉ፤ ለእነርሱ ግን የጥጥ አበባ ማለት የመዝናኛዪቱ መርከብ ስም ነው። ቃሉ አንድ ነው። ከርን ደግሞ ከዚህ ርቆ ሄደ። የመርከቢቱ ስም የሚዘፈንባቸው ጥቂት የዜማ ድምፆች ሲገለበጡ የጆ እንጉርጉሮ መነሻ ሆነው ይገኛሉ። የአንዱ ወገን ደስታ በሌላው ወገን ጀርባ ላይ መጫኑን የዜማው ጸሐፊ በኖታ ጽፎታል። አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልከራከርም፤ ጆሮ ያለው ግን ይሰማዋል።

አሁን ዘመኑን እንቁጠር። በአርባ ዓመት ውስጥ ማግኖሊያ ከልጅነት ወደ እርጅና ትደርሳለች፤ ራቨናል ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ኪም ትወለዳለች፣ ታድጋለች፣ ትታወቃለች። ጆ ግን በመጨረሻው ትዕይንትም እዚያው ወንዙ ዳር አለ። ያንኑ ዘፈን ይዘፍናል። ልጅ አለው ወይ? አባቱ ባሪያ ነበር ወይ? መቼም በ1880ዎቹ ማብቂያ ጎልማሳ የሆነ የሚሲሲፒ ጥቁር ባርነትን በዓይኑ ያየ ወይም ካዩት የተወለደ ነው፤ ነገር ግን ተውኔቱ አይጠይቀውም። ነጮቹ ዕድሜ ሲኖራቸው እርሱ የተፈጥሮ አካል ሆኗል፤ እንደ ወንዙ፣ እንደ ዛፉ። አነጻጻሪ ገጸ ባሕርይ ከዚህ በላይ ፍጹም ሆኖ ሊሠራ አይችልም። ጉድለቱም ያ ፍጽምናው ነው።

ወንዙም ቢሆን ዝም ብሎ አልፈሰሰም። ተውኔቱ ከመከፈቱ ስምንት ወር አስቀድሞ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1927፣ ሚሲሲፒ ማውንድስ ላንዲንግ በተባለው ቦታ የአፈር ግድቡን ደርምሶ ወጣ። በግሪንቪል ከተማ አጠገብ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች በቀረው ግድብ አናት ላይ ሰፈሩ፤ ታጣቂ ወታደሮች ከበቧቸው፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት መውጣት ተከለከሉ፤ የእርዳታውን እህል ከመርከብ እያወረዱ እንዲሸከሙም ተገደዱ። የጥጥ እርሻ ባለቤቶች ጉልበተኛው ወደ ሰሜን ይኮበልልብናል ብለው ፈርተው ነበርና ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የኒውዮርክ ሀብታም ሱፉን ለብሶ ስለዚያው ወንዝ ሲዘፈን አዳመጠ። ጥቁሩ ተሸካሚ ወንዙ ምንም አይናገርም ሲል ሰምቶ አጨበጨበ።

ከዘፈኑ በፊት የሚመጣው የመጀመሪያው ቃልም የራሱ ታሪክ አለው። በ1927 መጋረጃው ሲነሣ ከሠራተኞቹ አፍ የወጣው ጥቁርን ለማዋረድ የሚነገረው የስድብ ቃል ነበር። በ1936ቱ ፊልም ቃሉ ለዘብ ባለ ሌላ ንቀት ተተካ፤ በ1946 በኒውዮርክ እንደገና ሲታይ ደግሞ የዘመኑ ጨዋ አጠራር ገባ። ጊዜው በተለወጠ ቁጥር መክፈቻው ተለወጠ። አንድ ሰው የአሜሪካን የዘር ታሪክ በአጭሩ ማጥናት ቢፈልግ የዚህን አንድ መስመር ልዩ ልዩ ኅትመቶች አስተያይቶ ማንበብ ብቻ ይበቃዋል። ተውኔቱን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ደግሞ እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልገውም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942፣ ማለትም በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ከአፋችን አልጠፋም።

ጆ ብቻውን አይደለም። ጁሊ የምትባለው ተዋናይት ለማግኖሊያ የቀረበች ሌላዪቱ አነጻጻሪ ናት። ጁሊ ለዓይን ነጭ ናት፤ ነገር ግን ከእናቷ ወገን የጥቁር ደም እንዳለባት ይታወቅና የሸሪፉ ዱላ ይመጣባታል። በሚሲሲፒ ሕግ ጥቁርና ነጭ መጋባት ወንጀል ነበር። ባሏ ስቲቭ ሸሪፉ ከመድረሱ በፊት እጇን በቢላ ጫር አድርጎ ደሟን ይመጥጣል፤ እኔም የጥቁር ደም አለብኝ ብሎ መሐላ ለመማል ነው። ከእስር ዳኑ፤ ከመርከቢቱ ግን ተባረሩ። በጁሊ ቦታ መድረክ ላይ የወጣችው ማግኖሊያ ናት። ከዓመታት በኋላ በቺካጎ፣ ባሏ ትቷት በመጠጥ የተጎዳችው ጁሊ ማግኖሊያ ሥራ ፍለጋ መጥታ ስትዘፍን ትሰማለች፤ የምትዘፍነውም ጁሊ ራሷ በልጅነቷ ያስተማረቻትን የጥቁሮች ዘፈን ነው። ጁሊ ሳትታይ ወጥታ ትሄዳለች፤ ቦታዋ ሁለተኛ ጊዜ ለማግኖሊያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተውኔቱ ስለ ጁሊ አያነሣም። ሕዝቡ ስላለቀሰላት ዕዳው የተከፈለ ይመስላል።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ የአሜሪካ ነገር ነው ብለን ማለፍ አንችልም። የሚሲሲፒ ሕግ ደም ይቆጥር ነበር፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ አጥንት ሲቆጠር ኖሯል። ስንቱ ፍቅር በሰባተኛ ቤት ተመርምሮ እንደፈረሰ አገር የሚያውቀው ነው። የአሜሪካው ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የወደቀው በ1967 ነው፤ የእኛው በሕግ ተጽፎ ስላልነበረ በሕግ የሚሽረው አልተገኘም።

የጁሊን ቦታ በ1927 የያዘችው ሄለን ሞርጋን ነጭ ነበረች። ኩዊኒን የተጫወተችው ቴስ ጋርዴላም ፊቷን ጥላሸት የተቀባች የጣልያን ዝርያ ያላት ነጭ ነበረች። ስለዚህ ጆን የተጫወተው የቴክሳሱ ተወላጅ ጁልስ ብሌድሶ፣ በጥላሸት ጥቁር የሆነችውን ሚስቱን እያነጋገረ ነበር። በ1951 የተሠራው ፊልምም ጁሊን ለኤቫ ጋርድነር ሰጠ፤ የጆን ክፍል ቆርጦ አሳጠረ። የተውኔቱ የሙከራ ትዕይንት በኖቬምበር 1927 የቀረበበት የዋሽንግተኑ ናሽናል ቲያትር ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ጥቁር ተመልካች ተቀበል ሲባል እምቢ ብሎ ተውኔት ማሳየቱን ትቶ ሲኒማ ቤት ሆነ። ጥቁር በመድረክ ላይ ያስፈልግ ነበር፤ በወንበር ላይ ግን አልተፈለገም።

የጆን ታሪክ ታሪክ ያደረገው ግን ፖል ሮብሰን ነው። ከርንና ሃመርስታይን ዘፈኑን ሲጽፉ ያሰቡት የሮብሰንን ድምፅ ነበር፤ ሥራው ስለዘገየ በኒውዮርክ ብሌድሶ ቀደመ። ሮብሰን በሜይ 1928 በለንደን በድሩሪ ሌን ቲያትር ጆን ሆኖ ወጣ። ከባርነት ያመለጠ ቄስ ልጅ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረ፣ በኳስ ሜዳ የታወቀ ጎበዝ፤ ይህ ሁሉ የተሰጠው ሰው በመድረክ ላይ የተሰጠው የዱቄት ጆንያ ነበር። ሕዝቡ ግን ስለ ማግኖሊያ ረስቶ ስለ ጆ ያወራ ጀመር። አነጻጻሪው ዋናውን ጋረደው።

ሁሉም አልተደሰተም። ጆኤል ሮጀርስ የተባለው የጥቁሮች ታሪክ ጸሐፊ በዚያው ዓመት «አምስተርዳም ኒውስ» በተባለው ጋዜጣ ላይ፣ በለንደን የሚኖሩ ብዙ ጥቁሮች በሮብሰን ማዘናቸውን ጻፈ። ጆ ነጮች በአሳባቸው የፈጠሩት ሰነፍና የዋህ ጥቁር እንጂ እውነተኛው ሰው አይደለም የሚል ነበር ነቀፌታው። ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከሰባት ዓመት በኋላ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወር «ፒትስበርግ ኩሪየር» ለተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ ወኪል ሆኖ ኢትዮጵያ ድረስ የመጣው፣ በ1936ም ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ ያሳተመው ሮጀርስ ነው። ስለዚህ በ1928 የጻፈው ነገር የአንድ ቲያትር ሐያሲ ቅሬታ ብቻ አልነበረም። ጥቁር ሰው በዓለም ፊት እንዴት ይታያል የሚለው ጉዳይ ዕድሜውን ሙሉ ያሳሰበው ሰው ነበር።

በእኔ አስተያየት ሮጀርስ ስለ ተውኔቱ እውነት ተናግሯል፤ ስለ ሮብሰን ግን ቸኩሏል። ሮብሰን በለንደን ቆይታው ሌላ ትምህርት አገኘ። በ1929 በታወቀው ሳቮይ ሆቴል ምግብ ቤት እንዳይገባ ተከለከለ፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው አጠገብ በሳቮይ ቲያትር ኦቴሎን ተጫወተ። የአፍሪካ ቋንቋዎችን አጠና፤ ከምዕራብ አፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር አባሎች ጋር ተወዳጀ። የባዕድ አገር ተማሪዎች ማኅበር በአንድ ሰው ላይ ምን ያህል ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል የዚህ መጽሔት አንባቢ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። በ1936ቱ ፊልም ላይ ጆን በድጋሚ ሲጫወት ስንፍናውን የሚያጎላ አዲስ ዘፈን ከኩዊኒ ጋር እንዲዘፍን ተደረገ፤ የካሜራው ሰው ግን በ«ኦል ማን ሪቨር» ጊዜ ፊቱን ዙሪያውን እየዞረ አነሣው፤ ፊልሙን ያየ ሁሉ የማይረሳው ያንን ፊት ነው።

ከዚያ በኋላ፣ ከ1930ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ፣ ሮብሰን በየኮንሰርቱ የግጥሙን ቃላት መለወጥ ያዘ። የስድቡን ቃል አወጣ። በመጀመሪያው ግጥም ጆን ወደ እስር ቤት የሚያስገባው መጠጥ ነበር፤ ሮብሰን መጠጡን አስወጥቶ ወኔን አገባበት። መዝጊያው የድካምና የሞት ፍርሃት ነበር፤ ሮብሰን እስከ ሞት ድረስ መታገልን አደረገው። ዜማው ያው ነው፤ አንድ ኖታ አልተነካም። ነገር ግን እንጉርጉሮ የነበረው ቀረርቶ ሆነ። በአገራችን ሁለቱን ዓይነት ዜማ ለይቶ የማያውቅ የለም፤ በአንዱ ሰው ወደ ራሱ ያዘነብላል፣ በሌላው ወደ ሜዳ ይወጣል። አንዱን ወደ ሌላው በጥቂት ቃላት መለወጥ መቻሉ ነው የሚያስደንቀው።

ሃመርስታይን አልወደደውም። በ1949 ነገሩ በጋዜጣ ሲነሣ፣ ቃላቱን ለመለወጥም ሆነ ሌላ ሰው እንዲለውጣቸው ለመፍቀድ አሳብ እንደሌለው አስታወቀ። ሃመርስታይን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የዘር መድልዎን በሥራዎቹ የተቃወመ ነው። ግጥሙም የእርሱ ነው፤ ደራሲ በድርሰቱ ላይ መብት አለው። ቢሆንም ጥያቄው ይቀራል። አንድ ነጭ ደራሲ በጥቁር ተሸካሚ አፍ ያስገባውን ቃል፣ ያንኑ አፍ ይዞ የተወለደው ሰው ቢያርመው ባለቤቱ ማን ነው? እኔ ለሮብሰን እፈርዳለሁ።

የአሜሪካ መንግሥት ግን የፈረደው በተቃራኒው ነው። በ1950 የሮብሰን ፓስፖርት ተነጠቀ። ፓስፖርት መነጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። አዳራሾች ተዘጉበት፤ ሸክላው ከሬዲዮ ጠፋ። በሜይ 1952 ወደ ካናዳ እንዳይሻገር ስለተከለከለ በድንበሩ ላይ በጭነት መኪና ጀርባ ቆሞ በማዶ ላሉትና በወዲህ ላሉት በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ዘፈነ። በ1957 ለለንደን ታዳሚዎች በባሕር ሥር በተዘረጋ የስልክ መስመር ዘፈነላቸው። ወንዙን የተሻገረው ድምፁ ብቻ ነበር። ፓስፖርቱ የተመለሰለት በ1958 ነው።

ተውኔቱ ዛሬም ይታያል። በ1983 ሎኔት ማኪ የተባለች ጥቁር ተዋናይት የጁሊን ቦታ በኒውዮርክ ያዘች። በ1993 በቶሮንቶ ሊታይ ሲዘጋጅ የከተማው ጥቁሮች በአደባባይ ተቃወሙት፤ የአዘጋጁ የሃሮልድ ፕሪንስ መልስ ታሪክን መደበቅ አይገባም የሚል ነበር። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ማግኖሊያ አልነበረም።

በኖቬምበር 1960 ሮብሰን ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በሲድኒ ወደብ ገና መሠረቱና ግድግዳው እየተሠራ ወደነበረው ኦፔራ ቤት በምሳ ሰዓት መጣ። ሠራተኞቹ አቧራ እንደለበሱ፣ ገሚሶቹ በእንጨት መወጣጫው ላይ እንደተንጠለጠሉ፣ ምሳቸውን በእጃቸው ይዘው ከበቡት። ካፖርቱን እንደለበሰ ቆሞ «ኦል ማን ሪቨር»ን በራሱ ቃላት ዘፈነላቸው። ኦፔራ ቤቱ ለሕዝብ የተከፈተው በ1973 ነው።